ሻምበሉ ሲደለድለን

የሰለጠነ ነኝ የሚል መንግሥት ሁሉ አንድ አመል አለው፤ ተማሪ ባየ ቁጥር መደልደል ያምረዋል። ይሄ ከየት መጣ? ያቺ የማን ልጅ ናት? ከየትኛው ወገን የተወለደው ነው ጎበዝ? ይህን ሳያጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ ግን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንቀቀል የምንውል ልጆች፣ የምናውቀው ድልድል አንድ ብቻ ነበር፦ መስኮት አጠገብ የደረሰውና ያልደረሰው።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ በድንጋይ ይደለድላል፤ ከመንገዱ ሲተርፈው ደግሞ እኛን። አስተማሪያችን ጋሼ ሀብቱ ከአስመራ የመጡ ሰው ነበሩ። ለእኛ መምህር፣ ለጣሊያኑ ሻምበል አስተርጓሚ። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከፊታቸው ላይ እናነብ ነበር፤ ሌላ ማንበብ የምንችለው ነገርም ብዙ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ሻምበሉ መጣና ሙስሊም በቀኝ፣ ክርስቲያን በግራ ብሎ አዘዘ። መለያው ስማችን ሆነ። የእኔ ስም ይመር ነው፤ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራበታል። ሻምበሉ ገና ሲሰማው በእጁ ወደ ቀኝ ጠቆመኝ። ማተቤ በሸሚዜ ሥር አንገቴ ላይ እንዳለ ነው። ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሲሳሳት እናንተ ታርሙታላችሁ? ደግሞስ የቀኙ አግዳሚ ወንበር መስኮት አጠገብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ወደ ግራ ሄደ። የአንድ እናት ልጆች በአንድ ማለዳ ሃይማኖት ለየን።

ይህን ያህልስ ባልከፋ። ሻምበሉ አስከትሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ እፈትናችኋለሁ፤ የሰነፈው ወገን ከትምህርት ቤቱ ይወጣል፣ ጠና ጠና ያሉት ድንጋይ ፈለጣ ይገባሉ አለ። የሚሰንፈው ማን እንደሆነ ልቡ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ክርስቲያኑ ሁሉ በዱር ላሉት አርበኞች ስንቅ የሚያቀብል ነው የሚመስለው። ታደሰ ደግሞ ቁመቱ በበር አላስገባ የሚል ልጅ ነው። ድንጋይ ፈለጣ የሄደ የጎረቤታችን ልጅ በወባ ተንዘፍዝፎ እዚያው ቀርቷል። እናታችን ያን ሳምንት ታደሰን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሻምበሉ ከኮቱ ኪስ የሮም ጋዜጣ አወጣና ቆሞ ያነበንብልን ጀመር። ረጅም ነው። ላቡ ይወርዳል፣ ያስላል፣ ይቀጥላል። መሀል ላይ አንዲት ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ በእጁ አባረራትና አንድ ነገር አላት። ከዚያ ጨረሰና፣ “የሰማችሁትን ድገሙልኝ” አለ። መጀመሪያ ቀኝ።

እኔ የእግሬን ጣቶች ማጥናት ያዝኩ።

ከአጠገቤ ዘይነባ ተነሳች። ዘይነባ የሸህ ሁሴን ልጅ ናት። ከየቤቱ ልጅ ለትምህርት አምጡ ሲባል፣ አባቷ ወንዶቹን ወታደር ያደርጉብኛል ብለው ቆላ ከከብት ጋር ሸሸጉና እሷን ላኩ። አባቷ ደጅ ላይ ለወንድ ልጆች ቁርኣን ሲያቀሩ፣ እሷ ከጓዳ ሆና እየሰማች ከሁሉም ቀድማ በቃሏ ትይዝ ነበር ይባላል። እኛ ግን ወሬ ነው ብለን ትተነው ነበር።

ጀመረች። በጣሊያንኛ! አንድ ቃል አልጣለችም። የሻምበሉን ድምፅ አወፈረች፤ እሱ ያቆመበት ላይ አቆመች፤ እሱ ያሳለበት ላይ አሳለች። ዝንቧ ጋ ስትደርስ እጇን ወዘወዘችና ለዝንቧ የተባለውንም አለች። ጋሼ ሀብቱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ድረስ የነገረን የለም። ጨርሳ ስትቀመጥ ከውጭ ያለው ዘበኛ ሳይቀር አንገቱን በበሩ አስግጎ ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ቴፕ የሚባል ነገር አገራችን ሲገባ ሰው ሁሉ ጉድ አለ፤ እኔ ግን አልደነቀኝም። ቀድሜ አይቻለሁ፣ ያውም ባትሪ የማይፈልግ።

“ምን ማለት ነው ያልሽው?” አሏት ጋሼ ሀብቱ።

“እኔ እንጃ ጋሼ፣ እሱ ነው ያለው።”

ቀጥሎ ግራ። ሻምበሉ ታደሰን አስነሳ። ታደሰ፣ “ቦንጆርኖ” አለና እዚያው ላይ ቆመ። ሻምበሉ ፈገግ ብሎ ወደ ዘበኛው ዞረ።

ያን ጊዜ ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች፤ መሀሉን አቋርጣ ሄደችና ታደሰ አጠገብ ቁጭ አለች። “ጋሼ፣ ይኸኛው አግዳሚ እንደገና ይጠየቅ” አለች።

ሻምበሉ ይቺ ልጅ ምንድን ናት ብሎ ጮኸ።

“የአባቴ ወገን እዚያ፣ የእናቴ ወገን እዚህ” አለች ዘይነባ። “አጎቴ የሰንበቴ ጠጪ ነው። የቱ ጋ ልቀመጥ?”

መልስም ሳትጠብቅ ጋዜጣውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደገመችው። አሁን ዝንብ የለችም፤ ሻምበሉ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ እጁን አንስቶ ፈለጋት። ይሄኔ ድፍረት አገኘሁና ማተቤን አውጥቼ፣ “እኔም ክርስቲያን ነኝ” አልኩ። ከኋላዬ አንዱ አያቴ ሙስሊም ናት አለ፤ ሌላው የአክስቴ ባል አርጎባ ነው አለ፤ ቤቱ ገበያ ሆነ። ሻምበሉ ላቡን ጠረገና ጋሼ ሀብቱን ምን ይሻላል አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጌታዬ፣ ሁለቱም አግዳሚ እኩል ነው ያመጣው” አሉ።

ስለዚህ ለጊዜው ማንም ድንጋይ እንዳይፈልጥ ታዘዘ። ለድብልቆች የሚሆን ሦስተኛ አግዳሚ በአናጢ ተሠርቶ መጣ። በማግስቱ ሁላችንም እዚያ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን፤ እሱም ሻምበሉ ሲገባ እኩል ለሁለት ተሰብሮ ከነተማሪው መሬት ላይ ጠበቀው። ሻምበሉ ከእነዚያ ከሁለቱ ባዶ አግዳሚዎች መሀል ቆሞ ትኩር ብሎ ተመለከተን። ለበላዮቹ ምን ብሎ እንደጻፈ ጋሼ ሀብቱ ቆይተው ነገሩን፦ የሸዋ ሮቢት ተማሪዎች በትምህርት ደህና ናቸው፣ ችግሩ የአናጢ ነው።