ፓምፑ ደክመዋል

አማርኛችን ይሉኝታ ያጠቃዋል። ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ እያየው እንኳ በስሙ ለመጥራት ያፍራል። ሰውዬው አልጋ ይዘው፣ እህል ውሃ እንቢ ብሏቸው፣ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው ራስጌያቸው ተቀምጠው ሳለ «እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የምታገኙት መልስ «ኧረ ትንሽ ደክመዋል» ነው። «ትንሽ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ትንሽ ደክመዋል የተባሉ ሰው በማግስቱ ሲቀበሩ ስንቴ አይቻለሁ።

ይኸው ይሉኝታ ጋራዥ ውስጥም አለ። መካኒክ ሞተርህ ሞቷል አይልም። ኮፋኖውን ይከፍታል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ከዚያ ዐይንህን ሳያይ «ደክሟል» ይልሃል። ባትሪው ደክሟል፣ ፍሬኑ ደክሟል፣ ቺንጋው ደክሟል። ለሰውም ለብረትም ያው አንድ ቃል ነው፤ የሚለያቸው አንቱታው ብቻ ነው። ለሰው ሲሆን «ደክመዋል»፣ ለብረት ሲሆን «ደክሟል»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትሆን ነው። እኔ በዚች አንዲት ፊደል ምን እንዳጣሁ ላጫውታችሁ።

ላሊበላ ነው የምኖረው፤ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብታንስ በጥቂት ነው። ቱሪስት በነበረ ጊዜ ሻንጣና ድንኳን ጭናለች፤ ቱሪስት ሲጠፋ ጤፍና ቢራ ጭናለች፤ መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ምንም ሳትጭን ቆማ ዶሮ ዕንቁላል ጥላባታለች። ሾፌር ከመሆኔ በፊት ግን የዜማ ተማሪ ነበርኩ። መምህሬ መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ። ጾመ ድጓውን ሳልጨርስ፣ ዐይኔ አስፋልት ላይ ቀርቶ፣ ከጉባኤያቸው ጠፋሁ። ከዓመታት በኋላ በዚችው ፒክአፕ ከቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ያሉኝን አልረሳውም።

«መሪጌታ ልትሆን መጥተህ፣ መሪውን ይዘህ ጌታውን ተውከው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታረቅን። ገበያም ሕክምናም የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። እሳቸውም መኪናዋን ከእኔ አስበልጠው ወደዷት። ምክንያት ነበራቸው። የመሪዋ ፓምፕ ካረጀ ቆይቷል፤ መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ታቃስታለች። በተለይ ከቤታቸው በታች ያለችው ኩርባ ላይ ስትደርስ የሚያወጣው ድምፅ ሰፈር ያስነሳል። ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ መሪጌታ ግን ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚኖሩት በጆሯቸው ነውና፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጡና ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ «መንገሻ መጣ፤ በር ክፈቱለት» ይላሉ። መንገሻ እኔ ነኝ።

«ሽቅቡን በግዕዝ ዜማ ትጀምረዋለች፤ ኩርባው ላይ ስትደርስ ወደ አራራይ ትመልሰዋለች» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። «ከአንተ እሷ ተምራለች።»

እኒህ ሰው አንድ ነገር ለመኑኝ። አንድ ነገር ብቻ። በልጅነታቸው ዜማ ሀ ብለው የጀመሩት ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ በዋሻው ውስጥ ካለችው ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ደጅ። «ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ አድርሰህ አሳልመኝ። ከመኪናው ወዲያ ያለውን ዳገት በቃሬዛ ያወጡኛል፤ አንተ እስከ መውረጃው ብቻ አድርሰኝ» አሉኝ። እኔም በሙሉ አፌ ቃል ገባሁ። «መሪውን ላሠራና እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።

ይቺን «ላሠራና» እያደር ጠላኋት። መስቀል ይዋልና፣ ጭቃው ይድረቅና፣ መሪው ይሠራና። ለሳቸው በማሰብ ነው እል ነበር። የይምርሐ መንገድ ኩርባ የበዛበት ነው፤ መሪው ከከበደ መኪናው ይንገጫገጫል፤ ሽማግሌ አጥንት አይችለውም። ይህን ሁሉ እያልኩ ግን በዚያው በከበደ መሪ ጤፍ አመላልስ ነበር። ለጤፉ የሚዞር መሪ ለመሪጌታ አልዞር አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በዚያው መሪ በግማሽ ቀን አድርሻቸው እመለስ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። በዚያ ቤት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው መሪ ሆነ። «መሪው ተሠራ ወይ?» ይላሉ መሪጌታ። «መሪው እንዴት ሆነ?» ይላሉ እትዬ አስካለ። በመጨረሻ ፓምፑ ዘይቱን መሬት ላይ ያዘንብ ጀመር፤ መሪውን ለማዞር ከወንበሬ መነሳት ግድ ሆነብኝ። ይሄኔ ጋሸና ወጣሁ፤ ከመንገዱ መገንጠያ አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር የሚሠራ ሰይድ የሚባል መካኒክ ወዳጅ አለኝ።

ሰይድ ኮፋኖውን ከፍቶ አዳመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የሚለውን ታውቁታላችሁ።

«ደክሟል።»

ፓምፑን በዚያው ዕለት ፈታው፤ ለአዲስ ፓምፕ ደሴ ተደወለ። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ መጣ፤ ሲታይ ፑሊው የሌላ መኪና ሆኖ አረፈው፤ ቺንጋው አይቀመጥበትም። ተመልሶ ሌላ እንዲላክ ተባለ። እኔም የማይሆነውን ፓምፕ በእጄ እያገላበጥኩ የላኪውን ዘር ማንዘር ስረግም ስልኬ ጠራ። እትዬ አስካለ ነበሩ።

የጋሸናን ኔትወርክ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ንፋሱ ግማሹን ይዞት ይሄዳል። «መሪ...» አሉ እትዬ አስካለ፤ ተቆረጠ። «...ደክ...ል» አሉ፤ እንደገና ተቆረጠ። የጎደለችውን ፊደል እኔ ከልቤ አውጥቼ ሞላኋት። በልቤ ውስጥ ያን ሰዓት የነበረው ደግሞ ፓምፕ ብቻ ነበር።

«አውቃለሁ እትዬ! እየተቀየረ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እየተቀየረ ነው!»

ስልኩ ጠፋ። ሰይድ የብሎን መፍቻ ቺያቤውን ይዞ ቀና አለ።

«ማን ናቸው?»

«የመሪጌታ ባለቤት። መሪው ደክሟል ይሉኛል፤ እኔ የማላውቅ ይመስል» አልኩና ሳቅሁ።

ሰይድ አልሳቀም። ጆሮው ከብረት ጋር የኖረ ሰው፣ የማይሆን ድምፅ ቶሎ ይሰማዋል መሰለኝ።

«ሴትዮዋ ይህን ሊነግሩህ ደወሉ? እስኪ መልሰህ ደውልላቸው» አለኝ።

ደወልኩ፤ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። ተውኩት።

«ሰዎቹ ከቸኮሉ የድሮውን ልመልስልህ» አለ ሰይድ። «ወላሂ፣ ዘይት እየጨመርክ ላሊበላ ድረስ ያደርስሃል። ሁለት ሰዓት መንገድ ናት። አዲሱ ሲመጣ ተመልሰህ ትመጣለህ።»

ይህን ያለኝን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አዎ ብል ኖሮ ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ነበርኩ። እኔ ግን ኩራት ያዘኝ። ይህን ያህል ወር አስጠብቄያቸው የምታቃስት መኪና ይዤ ልሂድ? እሳቸውን የሚያህል ሰው እያንገጫገጭኩ ይምርሐ ላድርስ? «የለም፣ ደህና አድርገህ ሥራልኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አልኩት። እውነት ነው፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ያልቸኮለ የሚለቅመውም እንደማያገኝ የነገረኝ ሰው የለም።

«አብሽር፣ እንዳልክ» አለና ሰይድ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ትክክለኛው ፓምፕ የደረሰው በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ነው፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ተገጠመ። ሰይድ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ቺንጋውን ወጠረ፣ ዘይት ሞላ፣ ከዚያ አየሩ እንዲወጣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ አዞረው። መጀመሪያ ትንሽ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። ጭጭ። በአንድ ጣቴ አዞርኩት። ደስታዬ ልክ አጣ፤ ሥራ የሌለኝ ይመስል መገንጠያው ላይ ሁለት ጊዜ ዞርኩበት፤ ጋሸና ሁሉ እንዲያይልኝ። ሰይድ የድሮውን ፓምፕ በካርቶን ጠቅልሎ ከወንበሬ ሥር አደረገልኝ።

ቁልቁል ስወርድ ኩርባ በመጣ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። መሪጌታ መኪናዋ ውስጥ ሲቀመጡ የሚሉትን በልቤ አዘጋጅቻለሁ፤ «ትምህርቷን አቋረጠች እንዴ?» ይሉኛል፤ እኔም «ተመርቃለች» እላቸዋለሁ። ከቤታቸው በታች ያለችውን ኩርባ በአንድ እጄ፣ ያለ ኮሽታ አለፍኳት። በዝምታዋ ኮራሁ።

ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል። የንስሐ አባታቸው ከውስጥ መጽሐፋቸውን እንደያዙ ሲወጡ አየሁ። እትዬ አስካለ ሮጠው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? እየመጣሁ ነው ካልከኝ ሁለት ቀንህ!»

«እየተቀየረ ነው ነበር ያልኩት» አልኩ። «መሪው ደክሟል ሲሉኝ...»

«ምን መሪ? መሪጌታ ደክመዋል፣ ቶሎ ድረስ ነው ያልኩህ!»

ያቺ ፊደል ያን ጊዜ ደረሰችኝ።

እትዬ አስካለ «እየመጣሁ ነው» የሚል ሰምተው፣ እሱንም ለመሪጌታ ነግረዋቸው ኖሯል። ሽማግሌው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጆሯቸውን ወደ ኩርባዋ አድርገው ይጠብቁ ነበር። አጠገባቸው ሰው ሲያወራ «ዝም በሉ፣ መኪናዋን እንዳታሳልፉብኝ» ይሉ ነበር አሉ። ነጭ ልብስ አልብሱኝ ብለው፣ ለመንገድ ለብሰው ነው የተኙት። ገብቼ እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል።

«መሪጌታ፣ መጣሁ። እንሂድ፣ ይምርሐ እንሂድ» አልኳቸው።

«ማን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል።

«መንገሻ ነኝ።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «መንገሻ አልመጣም። ኩርባው ላይ አልሰማኋትም።»

ወጥቼ ሮጥኩ። መኪናዋን አስነስቼ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት፤ ዝም። ወደ ሌላው ዳር ጠመዘዝኩት፤ ዝም። ሰይድ እንዳደረገው ከዳር እስከ ዳር አመላለስኩት፤ አንዲት ጊዜ እንድታቃስትልኝ ብረት ለመንኩ። ጥሩንባ ነፋሁ። ጥሩንባማ የማንም መኪና አለው። ያቺ ደካማ ፓምፕ፣ ሁለት ወር ሙሉ የሰደብኳት፣ ከወንበሬ ሥር በካርቶን ተጠቅልላ ተኝታለች። ሰው ሁሉ ያበድኩ መስሎት ያየኛል።

ስመለስ ዐይናቸው ተከድኗል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። «ሲመጣ ቀስቅሱኝ ብለው ተኙ» አሉኝ።

አልነቁም። የተቀበሩትም ባገለገሉበት ደብር ነው፤ ይምርሐ ሩቅ ነው ተባለ። ከቀብሩ መልስ ብቻዬን ይምርሐ ሄድኩ። ልሳለምላቸው ነው አልኩ ለራሴ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያን ሁሉ ኩርባ በአንድ ጣት እየዞርኩ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ምቹ ጉዞ ሄጄ አላውቅም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እየተንገጫገጭንም ቢሆን አብረን ብንሄድ ምን ነበረበት?

እና አሁን ጋሸና ስትመጡ፣ ከመገንጠያው አጠገብ ሾፌሮች በአንድ ሰው ሲስቁ ካያችሁ ሰውዬው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለመኪና ዕቃ ሁሉ አንቱ ማለት ጀምሬያለሁ። ቺንጋዋ ስትላላ «ቺንጋው ደክመዋል» እላለሁ፤ ባትሪዋ አላስነሳ ሲል «ባትሪው ትንሽ ደክመዋል» እላለሁ። ለብረት አንቱ ማለት የሚያጎድልብኝ የለም፤ ከእንግዲህ ኔትወርኩ የትኛዋን ፊደል ቢቆርጥ፣ ለሰው ነው ብዬ ተነስቼ እሮጣለሁ።

ሾፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሰይድ ብቻ አይስቅም። ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አላህ ይማራቸው» ይለኛል።