አርፈሽ ተቀመጪ

አርፋችሁ ተቀመጡ! አንተም እግርህን አታወዛውዝ፣ አንቺም በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ ይገባል። ምሕረት፣ አንቺ ደግሞ ያልኩሽን ብቻ ጻፊ፤ አክስትሽን አታሳምሪያት።

ቆይ ግን፣ «አርፋችሁ ተቀመጡ» ያልኩት እኔ ነኝ? ወይ አፍ! ይህን ቃል ዳግመኛ ለልጅ አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። አማርኛ ጉደኛ ነው አቦ፤ አንዱን ቃል ለሞተውም፣ ለደከመውም፣ ለሚቁነጠነጠውም ያድላል። ስንቱ ልጅ ነው በዚህ ቃል ወንበር ላይ ተቸንክሮ የቀረ፣ አንድም ቀን ሳያርፍ!

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሐዋ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፤ ቤተሰቦቿ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ቤታቸው ከኦሮምኛ ሌላ የማይሰማበት። ደወላችን የሀዲድ ቁራጭ ነው፤ ሲመታ ሌላው ይሮጣል፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ስትቀመጥ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች። ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ስም አለው ይላሉ። ያኔ የነበረን ስም «ባለጌ» ነው፤ ሲብስ «ጂኒ አለባት»።

እናቷ ቀፊራ ቲማቲም ትሸጣለች። ሁለት ትምህርት ቤት ልጅቷን መልሶባታል። «ወላሂ አንቺም ከመለስሽብኝ ከቲማቲሙ ጋር ፀሐይ ላይ ነው የማሰጣት» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ አላማረኝም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፦ «ሐዋ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ስላት ብድግ ትላለች! ሄዳ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፣ አጥብቃ ትገፋዋለች፣ ተንፈስ ትላለች፣ ከዚያ መጥታ ቁጭ። ንቀት መሰለኝ። ሁለት ቀን ደጅ ጠጠር ላይ አንበርክኬያታለሁ። ጻፊው፣ አትዝለይው።

ዳይሬክተሩ የስንብት ደብዳቤዋን ጻፈ። «ነገ እናቷ ትውሰዳት» አለ። ገና ያን ቀን ጠየቅኳት፤ «ለምንድነው የምትነሺው?»

«አንቺ ነሻ! እረፊ፣ ከዚያ ተቀመጪ አልሽኝ። ወንበር ላይ አላርፍም። ግድግዳው ላይ ግን ጀርባዬ የት እንዳለ አውቀዋለሁ።»

በገዛ ቋንቋዬ ታረምኩ።

በማግስቱ እናቷ ሳትደርስ ክፍሉን በሙሉ አስነሥቼ ግድግዳው ላይ ደረደርኩ። ጀርባችሁ ይሰማችኋል? እግራችሁስ መሬቱን? ትከሻችሁ ጆሯችሁ ሥር ምን ይሠራል? አውርዱት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዱላ አምጥቶት የማያውቅ ጸጥታ።

በሩ ተከፈተ። ጓድ ዳይሬክተር፣ ደብዳቤው በእጁ። የተደረደሩትን ልጆች ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ዘመን እኮ ሰው ግድግዳ ሥር የተደረደረበት ነው። የማን ፊት እንደመጣበት እንጃ፤ ያኔ አይጠየቅም። ከደጋ የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። «አንሻቸው» አለ። «ከዚያ አንሻቸው።» ወደ በሩ አፈገፈገ።

ሐዋ ሄዳ እጅጌውን ያዘች። ድሬ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለችው!

እኔ ክርስቲያኗ «ያ አላህ» አልኩ።

ጎትታ ወሰደችውና የራሷን ቦታ ለቀቀችለት። ሰውዬው ጀርባውን ለጠፈ። ያ እንደ ሰልፈኛ የተገተረ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ የልጆቹ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ፣ ቁጭ አለ። ደብዳቤውን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። እናቷ በሩ ላይ ስትደርስ «ምን ልትወስጂ መጣሽ? ትምህርት ላይ ናት» አላት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ መጣ! ባልዲ ይዘሽ ነይ!»

መጣሁ፣ ጎረቤት! ምሕረት፣ ይቺን ጻፊና ታርፊያለሽ፦ እሱስ አረፈ፣ እሷም አረፈች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ያንበረከክኳት ቀን ስትነሣ ጉልበቷ ላይ ያ ጠጠር ተጣብቆ—