የሶሊን ሹሩባ የፈታሁ እሁድ

ዛሬ የሠራሁትን ከብሎካችን ሰው ከምትሰሙት ከራሴው ስሙት። እኔ ቢያንስ ትንሽ አሳምሬ እነግራችኋለሁ!

ታውቁኛላችሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ደብተር፣ ቦርሳና የዩኒፎርም ሹራብ የምሸጠው እኔ ነኝ። ክረምት ለናንተ ዝናብ ነው። ለኔ ግን ሱቄ በር ላይ የሚጋፋ ወላጅ ነው። ስለዚህ ልጄ ሶሊ ክረምቱን ያሳለፈችው ሦስተኛ ፎቅ፣ ጎረቤታችን ዘይነባ ቤት ነው።

ዘይነባ ደግ ሴት ናት። ችግሩም እሱ ነው!

ሁለት ወር ሙሉ የሰማሁት "ዘይኑ በቆሎ ጠበሰችልን"፣ "ዘይኑ ካርታ አስተማረችን"፣ "ዘይኑ ስትስቅ አይተሻት ታውቂያለሽ?" ነው። አይቻታለሁ የኔ እናት። ስንት ጥርስ እንዳላት ሁሉ አውቃለሁ።

ነገ ትምህርት ይጀመራል። እኔም ለዛሬ እቅድ ነበረኝ፤ ሱቁን በቀትር ዘግቼ የሶሊን ሹሩባ ራሴ ልሠራላት። ሰርፕራይዝ! ለማንም አልተናገርኩም። ለራሷ ለሶሊም ጭምር።

ቤት ስገባ ተሠርታ ጠበቀችኝ።

ያውም ምን የመሰለ ቀጭን ሹሩባ! በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዶቃ ያለው።

"ዘይኑ ናት! ጠዋት የተሠራሁት እኮ ከሰዓቱን ሙሉ ልጫወትበት ብዬ ነው። የመጨረሻ ቀኔ ነዋ!" አለችኝ፣ የምትዘልበትን ሱዚ እየጠቀለለች።

አንድ ጤነኛ እናት እዚህ ጋ ምን ትላለች? "አምሮብሻል፣ ሂጂ ተጫወቺ።"

እኔ ምን አልኩ?

"ጠማማ ነው።"

ውሸቴን ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ስነግድ እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ለደንበኛ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም። "ነይ፣ አሁኑኑ ላስተካክልልሽ" ብዬ ጉልበቴ መሀል አስቀመጥኳትና መፍታት ጀመርኩ።

በመፍታት አልታማም። ሙሉ ጭንቅላቷን ፈታሁት!

ጉዱ የመጣው መሥራቱ ላይ ነው። ለካ እኔ የማውቀው የአራት ዓመት ልጅ እያለች የምሠራላትን ጉንጉን ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር ወደ መካኒሳ ሄደ። ሁለተኛው ነፋስ ስልክ ደርሶ ተመለሰ። ሦስተኛውን ስይዝ የመጀመሪያው ተፈታ።

ከታች ልጆቹ ይጠራሉ፤ "ሶሊዬ! ነይ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ!"

ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ ዛሬ መውጣቷ!

ሶሊ ማልቀስ ጀመረች።

"እማዬ፣ ክረምቴን ጨረስሽብኝ።"

ምን ላድርግ? ነገ ግማሽ ጎፈሬ፣ ግማሽ ሹሩባ ሆና ሰልፍ ላይ አትቆም! ሻርፕ አሰርኩላትና ደረጃውን ተያያዝነው።

ዘይነባ በሩን ከፈተች። ሳሎኗ ውስጥ ሦስት የብሎካችን እናቶች ተቀምጠዋል። ሦስቱም ደንበኞቼ ናቸው!

ሻርፑን ገለጥ አድርጋ አየች። አልሳቀችም። (ብትስቅ በስንት ጣዕሙ!)

"ውይ፣ አጥብቄባት ነው አይደል? አሟት ነው የፈታሽላት?" አለችኝ።

እዩልኝ! ማምለጫ ሰጠችኝ እኮ። "አዎ" ልል አፌን ስከፍት ሶሊ ቀደመችኝ።

"ኧረ አላመመኝም። እማዬ ቀንታ ነው።"

ሴቶቹ ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አንዷማ እንባዋን እየጠረገች "እኛ ደግሞ ሰው በባሉ ብቻ የሚቀና መስሎን!" አለች።

ዘይነባ ልጄን አስቀምጣ እንደ አዲስ ጀመረች። እኔንም ሥራ አልከለከለችኝም። "ነይ እስቲ፣ ቅባቱን ያዢልኝ" አለችኝ። ያዝኩ። ጣቷን እያየሁ ኮፒ ላድርግ ብል ዓይኔ አልደርስባት አለ። ሶሊ ደግሞ አንገቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ መስኮቱ።

ሹሩባው አልቆ ስንወርድ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ልጆቹም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተጠርተው ገብተዋል። ሶሊ ባዶው ግቢ መሀል ትንሽ ቆመች።

"ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ትጫወቻለሽ" አልኳት።

"ነገማ ክረምት አይደለም" አለችኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር የቀራት። እሱንም እኔ በላሁባት።

እና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሹሩባ የሚያስተምረኝ ሰው ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

"ዘይነባ" ብሎ የሚጽፍ ግን ብሎክ ይደረጋል!