መዝለያዋ ቁልፍ

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የምራቸውን ነበር ወይ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ለቃል መታመን ደግ ነገር ነው፤ አልጠላሁትም። ግን ይህን ተረት የተረተው ሰውዬ የኖረበት ዘመን የተነገረ ነገር እንደተነገረ የማያድርበት ዘመን ነበር። ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል፣ ግማሹን ሰሚ ይረሳዋል፣ የተረፈውን ሽማግሌ ያለዝበዋል። የእኔን የካሴት መቅጃና ማጫወቻ ዴክ አላየማ።

ዴኩ ዲጂታል ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ነገሩን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲያዞር፣ «ካሴት ትወድ የለ፣ ውሰደው» ብሎ ሰጠኝ። እንደ ዘመሮ ባለ ገጠር የሚኖር አስተማሪ ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ፤ ባለቤቴ ጠይቃኝ ጨርሳለች። እኔ ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ቁልፎቹን እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። አንዷ ካሴቱ ላይ «ከዚህ ጀምር» የሚል ምልክት ታኖራለች፤ በኋላ ቁጥሩን ስትነግሩት ማሽኑ ሳይንከራተት እዚያው ይደርስላችኋል። አንዷ «ከዚህ እስከዚህ ደጋግም» ትለዋለች። አንዷ ደግሞ የመዝለያ ምልክት ታኖራለች፤ ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ያለውን ትቶ ወደሚቀጥለው የ«ከዚህ ጀምር» ምልክት ይሮጣል። የተዘለለው አይሰረዝም። እዚያው አለ፣ አይሰማም እንጂ። ለዚህችኛዋ ያኔ ምንም ሥራ አላገኘሁላትም።

እንግዲህ ወደ ጎረቤቶቼ ልምጣ። ጌታነህና ታናሽ ወንድሙ ደምሰው ማሳቸውን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ተናደና የጌታነህ በግ ገብቶ የደምሰውን ገብስ በላ። በጉ ነው ያፈረሰው ወይስ ቀድሞም ፈርሶ ነበር የሚለው ክርክር ወንድማማቾቹን አኳርፎ ከረመ። እናታቸው እትዬ ዘነበች ሲመራቸው ጊዜ፣ «እስክትታረቁ ድረስ ፋሲካን ከማናችሁም ቤት አልፈታም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሎዬን ቆርጥሜ እውላለሁ» አሉ። ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ሕማማት ከገባ ደግሞ መሳሳም የለም፤ ዕርቁ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሆሳዕና ማለፍ አልነበረበትም።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ አንዱን ደጅ አስቀምጦ ሌላውን ብቻውን ይሰማል፣ ከዚያ በመሀል ቃል ያመላልሳል። የነፍስ አባታቸው መምሬ ተክሌ እንዲህ እያሉ ሁለቴ ሞከሩ፤ ሁለቴም «ብለሃል»፣ «አላልኩም» ላይ ፈረሰ። ይሄኔ ነው እኔ ብልጡ «ለምን አንቀዳውም?» ያልኩት። መምሬም የሚመጣውን ሳያውቁ ፈቀዱ። ሶኬቱ እኔ ቤት ነውና ሽምግልናውም እኔ ቤት ሆነ። እትዬ ዘነበች ልጆቻቸው ከመምጣታቸው በፊት ገብተው ከባለቤቴ ጋር ጓዳ ተቀመጡ፤ ከእኛ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነበር።

ሁለቱም በየተራ የልባቸውን ተናገሩ፤ እኔም ጠንከር ያለ ቃል በወጣ ቁጥር ምልክቷን እየተጫንኩ ተከታተልኩ። በኋላ ፊት ለፊት ሲቀመጡ መምሬ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ደምሰው፣ ወንድምህ በሆነው ነገር አዝኗል። አንተንም እንደሚወድህ ነግሮኛል» ብለው ጀመሩ።

«እሱ እንዲህ አይልም» አለ ደምሰው።

ማስረጃው እጄ ላይ ነው። ተጫንኩት። የጌታነህ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «እናቴም ብትሆን ለሱ ነው የምታደላ። እሷም ትቅርብኝ።»

«እስቲ ድገመው» አለ ደምሰው።

ማሽኑ መድገም አያቅተውም። እሷም ትቅርብኝ። እሷም ትቅርብኝ። መምሬ ተነሥተው ሶኬቱን ነቀሉት። ወንድማማቾቹ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ ደጃፌ ላይ ሲደርሱ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ሄደ። ባለቤቴ ለእራት እንጀራ አቀረበችልኝና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

በማግስቱ መምሬ ብቻቸውን መጡ። ማሽኑን ትንሽ አዩትና፣ «ይሄ መናገር ብቻ ነው የሚያውቀው? ዝም ማለት አይሆንለትም?» አሉኝ።

ያቺን ሥራ ፈት የመዝለያ ቁልፍ አሳየኋቸው። ካሴቱን ከመጀመሪያው እንዳሰማቸው አዘዙኝና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ደምሰው፣ «ታምሜ በጓሳ ተራራ ብርድ በፈረስ አፈናጦ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ግን…» ይላል። ጌታነህ፣ «አባታችን ሲሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ ግን…» ይላል። ለካ እኔ ምልክት ሳኖር የዋልኩት ከ«ግን» ወዲያ ብቻ ነው።

«እዚህ ጋ» አሉ መምሬ። «ግን ከማለቱ በፊት መዝለያዋን አኑርልኝ።»

«መምሬ፣ ይሄ ማታለል አይሆንም ወይ?»

«ያላሉትን ጨመርክበት?»

«አልጨመርኩም።»

«እንግዲያ አስታራቂ ምን የሚሠራ መስሎህ ነው? እኔ በእግሬ የማደርገውን እሱ በመብራት ያድርገው።»

የድሮ ምልክቶቼን አንሥቼ «ከዚህ ጀምር»ን በየደጉ ቃል ላይ አኖርኩ። የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሁለቱን ጎትተው አመጧቸው። ካሴቱ ተጫወተ። ካሴቱ ላይ አንዳቸው «ግን» ሊል አፉን ሲከፍት ማሽኑ ጥቂት ይሽከረከርና ሌላ ደግ ነገር ያወጣል። ሁለቱም ምን እንደተዘለለ ያውቃሉ፤ የራሳቸው አፍ ነዋ። ጌታነህ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ደምሰው ተነሥቶ ጉልበቱን ሳመው፣ እሱም ቀና አድርጎ አቀፈው፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ካቡን ከበዓሉ በኋላ አብረው ሊክቡት ቃል ተገባ።

በሕማማቱ መሀል ጌታነህ ለብቻው መጣ።

«ያቺ ቃል ጠፋች?» አለኝ።

«አልጠፋችም፤ ትዘለላለች።»

«አጥፋልኝ ባክህ። እናቴ የሰማች ቀን ሞቻለሁ።»

በላይዋ ላይ ባዶ ቀዳሁባት። እያመሰገነኝ ሄደ፤ እኔም አንድ ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ ዘነበች ፋሲካን የፈቱት መጀመሪያ ጌታነህ ቤት፣ ቀጥሎ ደምሰው ቤት ነው። እኔና ባለቤቴም ጌታነህ ቤት ተጠርተን ነበር። መሶቡ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ዓይኔ የጓዳቸው መጋረጃ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ የራሴ ቤት መጋረጃ ትዝ አለኝና ልጎርስ ያነሣሁትን መልሼ አኖርኩት። ጨርቅ ነው እኮ። ድምፁ ደግሞ ጥርት ያለ ነበር፤ ያውም ተደጋግሞ።

እትዬ ዘነበች አጠገብ ነበርኩ። ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን እኛ ቤት ጓዳ ሆነው… ሰምተውት ነበር ይሆን?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ዶሮውን በእንጀራ እየጠቀለሉ ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ምኑን?» አሉኝና ጌታነህን አጎረሱት።