አሥራ ሁለት ቮልት ምን ያደርጋል?

ትናንት አል አይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ግድግዳዬን አበላሸኸው ብላ ተቆጣችኝ። ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚሄደው ገመድ ወፍሮባታል። ቀጭን የለህም ወይ አለች። የለኝም አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ጥቅል ነበር። ምክንያቱን ለእሷ አልነገርኳትም። ላንተ ልንገርህ፤ ግን እዚሁ ይቅር።

በወጣትነቴ ሙሳፋህ፣ የሠራተኞቹ ሰፈር ነበርኩ። አንድ ክፍል፣ ስምንት ሰው። ስለዚያ ብዙ አላወራም። ኤሌክትሪሻን ነኝ ብዬ ሥራ ገባሁ። አምፖል መቀየር እችል ነበር። ሌላ ምን ይፈለጋል?

የመጀመሪያ ሥራዬ ስዌይሃን፣ በረሃው ውስጥ ነው። አያ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ግመል ጠባቂ፣ በቆርቆሮ ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሦስቱ የሶላር ፓኔሎች በረቱ ጣሪያ ላይ፣ ባትሪው አልጋው ሥር። መሃሉ ሠላሳ እርምጃ። የያዝኩት የአምፖል ሽቦ ነው። እየቀጠልኩ አደረስኩት። ስጨርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

አያ ሰይድ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «አንተ፣ ይቺ የጫማ ማሰሪያ ትችለዋለች?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት ቮልት እኮ ነው! ዝንብ አይገድልም።»

አመነኝ። መረቀኝም።

በማግስቱ ለፎርማናችን ጀብዱዬን አወራሁ። ሽማግሌ ህንዳዊ ነው። ይጮህብኛል ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያንኑ ኃይል ለማድረስ፣ ቮልቱ ሲያንስ በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ ይበዛል አለኝ። ስለዚህ ሽቦው መወፈር አለበት፤ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ የባሰ። ያንተ ይግላል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ... አለና ሰዓቱን አየ።

ቀትር ሊሆን ነው። ፓኔል አብዝቶ የሚሰጠው በቀትር ነው። አያ ሰይድ ሙቀቱን ሸሽቶ የሚተኛውም በቀትር ነው። እዚያ አልጋ ላይ።

ደወልኩ። ዝግ። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ። ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔ ጭስ ይፈልጋል። አቧራ በተነሳ ቁጥር ሹፌሩን ፍጠን እለዋለሁ። ኮምቦልቻ ላሉት ልጆቹ ማን ይነግራቸዋል? በምን አፍ?

ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። አልጋው ባዶ። የፍራሹ ጠርዝ ጠቁሯል። 

«ምን ረሳህ?» አለኝ ከኋላዬ።

በረቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሽቦው ሲሸተው ነቅሎ፣ ባትሪውን ተሸክሞ ፓኔሉ ሥር ወስዶታል። ካልተቃጠለው ሽቦ ቆራርጦ፣ እንደ ግመል ገመድ ስድስት ስድስቱን ገምዶታል፤ ቀዩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። ዳሰስኩት። አይሞቅም።

«ገመድ ከቀጠነብህ ትገምደዋለህ፤ ይሄ ምን ትምህርት ይጠይቃል?» አለኝ። «ለመሆኑ ምን አመጣህ?»

«ሥራዬን ላየው ነው» አልኩት።

ይህን ለአካባቢው እረኛ ሁሉ አዳረሰው። በማግስቱ ተመልሶ ሽቦውን የሚዳስስ ባለሙያ አገኘሁ እያለ። ስዌይሃን በሙሉ ይፈልገኝ ጀመር።

ዛሬም ሥራ ባስረከብኩ ማግስት፣ ልክ በቀትር፣ ሄጄ እዳስሳለሁ። ለማዳሟም ሄድኩላት። ግድግዳው አስቀያሚ ነው፤ ገመዱ ቀዝቃዛ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው አይቼ አላውቅም አለች አሉ።

ፈሪ መሆኔን እንዳትነግራት።