የቢራራ ብቸኛ ወራሽ

የአገራችን ሽማግሌዎች ክብራቸው ይስፋ! የዘር ሐረግ በመቁጠር የሚስተካከላቸው ሰው ከዳባት እስከ ደባርቅ አልተወለደም። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ አሮጊት ነኝ፤ እውነቱን ከመመስከር ግን የሚያግደኝ የለም። እነዚህ ሰዎች የጠፋች ላማቸውን ቀለም ይረሱ ይሆናል። ሚስታቸው ያዘዘቻቸውንማ ከደጅ ሳይወጡ ይረሱታል። መሬት የሚያስገኝ ቅድመ አያት ግን ፈጽሞ አይረሱም።

የእኛ ቅድመ አያት ቢራራ ይባላል። በጎንደር ነገሥታት ጊዜ መጥቶ ጫካውን መንጥሮ አገሩን ያቀና ሰው ነው አሉ። ስለዚህ ተራራው ቢራራ ነው። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ቢራራ ነው፤ ወንዙ የሚያጠጣው መስክም ቢራራ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቢራራ ሚካኤል። እኛም ቢራራዎች ነን። የወንዛችን አልቅት እንኳ ከሌላው አገር አልቅት ኮራ ያለ ነበር።

ርስት የሚገኘው ከቢራራ መወለድን ቆጥሮ በማስረዳት ነውና፣ የአጎቴ ልጅ ሀብተ ሚካኤል ዕድሜውን የጨረሰው በየዳኛው ደጅ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ተመርኩዞ፣ «ቢራራ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ» ማለት ሲጀምር የሰማ ሁሉ ዳዊት የሚደግም ይመስለው ነበር። ልዩነቱ፣ ዳዊት የደገመ ሰው መንግሥተ ሰማያትን ሲያገኝ ሀብተ ሚካኤል የጎረቤቱን ማሳ ማግኘቱ ነው።

ከቢራራ ልጆች ያስቸገረ አንድ ገሠሠ የሚባለው ብቻ ነው። ጨው ጭኖ ወደ ዛሪማ ቆላ ወረደ፤ እዚያ የእስላም ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሰለመ፤ ወለደ። የእሱ ዘር ሸማኔው ጠይብ ነው፤ ይህን በአገሩ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። የጠይብ አባት ከቆላ ተመልሶ «ርስቴን አካፍሉኝ» ብሎ በተነሣ ጊዜ ግን ሽማግሌዎቻችን ተሰበሰቡ፤ አሰቡ፤ ተከዙ፤ በመጨረሻም ገሠሠ ቆላ እንደወረደ ልጅ ሳይወልድ በወባ መሞቱን አስታወሱ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር! እንዲህ ሆኖ ጠይብ፣ ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ሰው የተወለደ ብቸኛው የአገራችን ተአምር ሆነና፣ ጎጆው ላረፈባት ቦታ በየዓመቱ ለሀብተ ሚካኤል አንድ ጋቢ እየገበረ ኖረ።

ኋላ መሬት ለአራሹ ታወጀ። ደምለው የሚባል ዘማች ተማሪ፣ ጢሙ ይብቀል አይብቀል ገና ያልቆረጠለት ልጅ፣ ጠመንጃ ያነገተ ፖሊስ አስከትሎ መጣና ሁላችንንም ከወይራው ሥር ሰበሰበን።

«ይህ ተራራ ምን ይባላል?» አለ።

«ቢራራ።»

«ወንዙስ?»

«ቢራራ።»

«መስኩስ?»

«ቢራራ።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። «ሰፊው ሕዝብ ሆይ! አንድ ፊውዳል ተራራውንም፣ ወንዙንም፣ መስኩንም በስሙ አድርጎ ሲኖር ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? ይህ ቢራራ የሚባል ሰውዬ አሁኑኑ ይቅረብ!»

የሚካኤሉ አገልጋይ ቄስ ኪዳነ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ እሱስ ሞቷል» አሉት።

«መቼ?»

«በጎንደር ነገሥታት ጊዜ።»

«አመለጠን!» አለ ልጁ ከልቡ አዝኖ። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ወራሹ ይቅረብ! የቢራራ ወራሽ የሆነ ሁሉ ደባርቅ ወርዶ ይታሰራል፤ ከብቱም ለጭቁኑ ይከፋፈላል» ብሎ አወጀ። ቀጥሎ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሀብተ ሚካኤልን «አንተስ ማን ነህ?» አለው።

«እኔ?» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ከኋላው ሌላ ሰው ያለ እንደሆነ ዞር ብሎ አይቶ። «እኔማ የጃናሞራ ሰው ነኝ። ለእንግድነት መጥቼ ነው።»

«መቼ መጣህ?»

«የመጣው እንኳ አያቴ ነው።»

ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከዛሪማ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ዘመዶቼም አንዱ ከበየዳ፣ አንዱ ከጠለምት እየመጡ አገሩ በአንድ ጥዋት በእንግዳ ተሞላ። አንዱ ሞኝ የሚመጣበት አገር ቢያልቅበት፣ ቀንበሩን እንደተሸከመ «እኔ መንገደኛ ነኝ» አለ።

«እኔ ቢራራ ነኝ!» አልሁ ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ።

«አልጣሽ፣ አፍሽን ያዢ!» አለኝ ሀብተ ሚካኤል።

ዘማቹም «እናቴ፣ የምጠይቀው ወንዶቹን ነው» አለኝ። አብዮቱ ገና መጀመሩ ነበር፤ ሴቶቹ ከተቀመጥንበት አልደረሰም።

ይኸኔ የሀብተ ሚካኤል ዓይን ዳር ከቆመው ከጠይብ ላይ ዐረፈ። ፊቱ በራ። ብድግ አለ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ ዘንጉን ተመረኮዘ። «ወራሽስ አለው! ቢራራ ገሠሠን ወለደ። ገሠሠ ቆላ ወርዶ አህመድ ተባለ። አህመድም...» እያለ፣ አንዲት ትውልድ ሳይስት፣ ወርዶ ወርዶ ጠይብ ላይ ቆመ። ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን አንሥተው «እውነት ነው! ከእሱ በቀር የቢራራ ዘር የለም» ብለው ማሉ። ወንዱ ሁሉ እየተነሣ መስቀሉን እየተሳለመ ማለ። እንዲህ ያለ ስምምነት በአገራችን በሰርግም በለቅሶም ታይቶ አይታወቅም።

ጠይብ ጸጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደያዘ «አያ ሀብተ ሚካኤል፣ ገሠሠ በወባ ሞቶ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«ተሽሎታል!» አለው ሀብተ ሚካኤል።

ፖሊሱ የጠይብን ክንድ ያዘ። ሚስቱ ዘይቱና ደረቷን እየመታች «ለእርሻ ስንለምናችሁ የነሣችሁንን ስም ለእስር ቤት መረቃችሁን!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ጩኸቷን ላለመስማት ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ዝናብ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ስንት ጋሻ መሬት አለህ?» አለ ዘማቹ።

«የለኝም።»

«በሬስ?»

«ያለኝ የሽመና መወርወሪያ ነው።»

«ጭሰኞችህስ?»

«ጭሰኛውስ እኔው ነኝ። ለጎጆዬ ቦታ ለአያ ሀብተ ሚካኤል ጋቢ እገብራለሁ።»

ልጁ ግንባሩን አከከ። ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «የመሬቱ ብቸኛ ወራሽ ይህ ሸማኔ ነው ብላችሁ ምላችኋል። እሱ ደግሞ ስንዝር መሬት የለውም። እናንተ ከጃናሞራና ከዛሪማ የመጣችሁ እንግዶች ናችሁ። ታዲያ መሬቱን ይዘው የሚበሉት እነማን ናቸው?»

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር።

«ፖሊስ፣ ጭቁኑን ልቀቀው!» አለ ልጁ። « እንግዶቹ ዛሬውኑ ወደየመጣችሁበት ትመለሳላችሁ!»

አቤት የዚያን ጊዜ የመጣው የዝምድና ብዛት! «ወንድምዓለም ጠይብ! የአንድ አባት ልጆች አይደለንም እንዴ?» እያለ ሀብተ ሚካኤል ትከሻውን ሊስም ተንደረደረ። ቄስ ኪዳነ ማርያምም «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ሲሉ አስተማሩ፤ ከመካከላችን አህያው ማን እንደሆነ ግን አልገለጹም።

«ዘመዶችህ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለው ዘማቹ። «ናቸው ካልህ ይቆያሉ፤ አይደሉም ካልህ ይሄዳሉ።»

«አይደሉም በላቸው!» አለች ዘይቱና።

ጠይብ ሰዉን አንድ በአንድ፣ እንደ ድር ክር፣ አየው። «መሬቱን እንካፈል» አለ። «ያለ መሬት መኖር ምን እንደሆነ እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ለልጆቻቸው አልመኝላቸውም። ዝምድናውን ግን መስቀል ስመው ክደዋል። እኔ እስላም ነኝ፤ ቄሱን በመስቀላቸው ውሸታም አላደርጋቸውም።»

ዘማቹም በዚህ ተስማማና መሬቱ ተከፋፈለ። ለጠይብ ከወንዙ ዳር ደረሰው፤ ለሀብተ ሚካኤልም ከሌላው እኩል ደረሰው፤ እሱም ይህን ግፍ ብሎ ይጠራዋል። የገበሬ ማኅበሩ ስም ሲወጣለት ዘማቹ «ቢራራ የሚባል ስም ከእንግዲህ አይነሣም! ማኅበሩ በጭቁኑ ሸማኔ በጠይብ ስም ይጠራ!» አለ። ጠይብ «ኧረ ተዉ፣ እኔ በሕይወት አለሁ» ቢል የሚሰማው አልተገኘም። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበ ሀብተ ሚካኤል ነው።

ማኅበሩ ጠይብ ሲባል ተራራውም ጠይብ ተባለ። ወንዙ ከተራራው መለየት አልወደደም፤ መስኩም ከወንዙ። ውሎ አድሮ መንገደኛው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን ጠይብ ሚካኤል ይለው ጀመር። ቄስ ኪዳነ ማርያም «ታቦት እንዴት በእስላም ስም ይጠራል?» ብለው ዘማቹ ዘንድ አቤት ቢሉ፣ «ቢራራስ ጻድቅ ነበር?» አላቸው። አስበው አስበው ተመለሱ።

ዛሬ በአገራችን፣ ከወንድ፣ ቢራራ ነኝ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠይብ ጋቢውን ይዞ ዳባት ገበያ ሲወርድ «የየት አገር ሰው ነህ?» ይሉታል። ደረቱን ነፍቶ «ቢራራ!» ይላል። ሀብተ ሚካኤል አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤ ቃል አይተነፍስም። ምን ብሎ ይናገራል? እሱ እንደሆነ የጠይብ ሰው ነው።