የኮምፒውተሬ ጋኔን

ለብልሽት ሁሉ ጋኔን የሚያገኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጁባ ታውን ያለችው የጽሕፈት ሱቄ ድረስ የሚመጣልኝ አለኝ፤ የጸሎት ኅብረታችን ወንድም ታምራት። ጄኔሬተር ሲጠፋ ጋኔኑን ይገሥጻል፤ ጎማ ሲተነፍስም ይገሥጻል። ሰይጣን እንዳለ እኔም አምናለሁ፤ ግን ይህን ያህል ሥራ ፈት አይመስለኝም።

ባለፈው እንጀራዬ የሆነው አሮጌ ኮምፒውተሬ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ። የሥራ ማመልከቻ የምታስጽፈው ደንበኛዬ “ኸላስ?” እያለች መጨረሴን ትጠይቀኛለች። ታምራት እጁን ስክሪኑ ላይ ጭኖ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም።

“እህት ሣራ፣ ጸሎትሽ ላልቷል። ይሄን ዕቃ አውጥተሽ ጣይው።”

ጸሎቴ? ጠዋት ከጌታ ጋር የተነጋገርነውን እሱ የት ሰማው?

“ወንድሜ፣ ዕቃውም አይጣልም፣ ጸሎቴንም አንተ አትለካውም። ዞር በልልኝ” አልኩትና ሶኬቱን ነቅዬ ጎኑን ፈታሁት። የውስጡ ማራገቢያ በቀይ አቧራ ታፍኖ መዞር አቅቶታል። በቀለም ብሩሽ ጠርጌ መልሼ ገጠምኩት። ማመልከቻው አንዴም ሳይቆም ታተመ።

“ሃሌ ሉያ፣ ወጣ” አለ ታምራት።

“አሜን። እስቲ እጅህን ዘርጋ” አልኩትና የጠረግኩትን አቧራ መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት። “ይኸውልህ፣ አሁን ገሥጸው።”